አንድ ምልክት ብቻ ያለው አመክንዮ

እንግሊዛዊው ሊቅ ጆርጅ ስፔንሰር ብራውን እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው «የቅርጽ ሕግጋት» በተባለው መጽሐፉ፣ ሌሎች በብዙ ምልክት የሚጽፉትን አመክንዮ፣ ውስጥንና ውጭን ከሚለይ ከአንድ ምልክት ብቻ ለማውጣት ተነሣ። ሕግጋቱም ሁለት ናቸው፤ ምልክቱ ጎን ለጎን ቢደገም እንደ አንድ ይቈጠራል፤ አንዱ በሌላው ውስጥ ቢገባ ግን፣ አሉታ በአሉታ እንደሚፈርስ ሁሉ፣ ሁለቱም ተሽረው ባዶ ይቀራል።

የነገሩ ፍሬ ግን ያለው ራሱን በሚጠቅስ ቃል ላይ ነው። «ይህ ቃል ሐሰት ነው» የሚለውን እውነት ነው ብንል ሐሰት፣ ሐሰት ነው ብንል እውነት ሆኖ ስለሚገኝ፣ ፈላስፋው በርትራንድ ራስል እንዲህ ያለውን አነጋገር፣ ቃል ከእርሱ በታች ስላለ ደረጃ ብቻ እንዲናገር በሚያዝ የደረጃ ሕግ ከልክሎት ነበር። ስፔንሰር ብራውን ግን፣ ሒሳብ የአሉታ አንድን ዳግም ዘር ምናባዊ ቍጥር ብሎ እንደ ተቀበለው፣ አመክንዮም ምናባዊ ዋጋን ሊቀበል ይገባዋል አለ፤ ራሱን የሚክድ ቃል፣ መዶሻው በተሳበ ቍጥር መሥመሩ እንደሚቋረጥ የኤሌክትሪክ ደወል፣ በጊዜ ውስጥ ከእውነት ወደ ሐሰት ይመላለሳልና።

ተቺዎች መሠረታዊው ስሌት ከሒሳብ ሊቁ ጆርጅ ቡል የአመክንዮ አልጀብራ አይለይም ማለታቸው እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ቺሊያዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ፍራንሲስኮ ቫሬላ እ.ኤ.አ. በ1975 ይህን መንገድ አስፍቶ ለራስ ጠቃሽነት ሦስተኛ ዋጋ ያለው ስሌት ስላቀረበ፣ የመጽሐፉ ጥቅም አዲስ ውጤት ከመስጠት ይልቅ፣ እንደ ስሕተት የተወገደውን ነገር ለምርምር የሚበቃ አድርጎ በማሳየቱ ላይ ይገኛል።