ልብ በቀኝ በኩል ሲገኝ

ሐኪሙ ማዳመጫውን ከግራ ደረት ላይ ሲያሳርፍ የልብ ምቱ እምብዛም አይሰማም፤ ወደ ቀኝ ሲያሻግረው ግን ጥርት ብሎ ይሰማል። ራጅ ሲነሳ ጉበቱም በግራ በኩል ይገኛል። የስዊዘርላንዱ ሐኪም ማኔስ ካርታግነር በ1933 እ.ኤ.አ. የእንዲህ ያሉ ሕሙማንን ታሪክ ሲያሳትም ሌሎች ሁለት ነገሮችንም አያይዞ ነበር፤ ሳይነሳቸው አይድንም፣ የሳንባቸው የአየር ቧንቧዎችም ከልክ በላይ ሰፍተዋል። ልብን ከአፍንጫ ምን እንዳገናኘው ግን ከ40 ዓመት በላይ እንቆቅልሽ ሆኖ ቆየ።

መልሱ ማንም ካልጠበቀው ቦታ መጣ። የስቶክሆልሙ ተመራማሪ ቢዮርን አፍዜሊየስ የዘር ሕዋሳቸው የማይዋኝ ወንዶችን ናሙና በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመለከት፣ በዘሩ ጭራ ውስጥ መኖር የነበረባቸውን ጥቃቅን ክንዶች አጣቸው። ከወንዶቹ አብዛኞቹ ከሳልና ከሳይነስ ተላቀው አያውቁም፤ ልቡ በቀኝ የሆነም ነበረባቸው። ግኝቱ በ1976 ታተመ።

ክንዶቹ የተሠሩት ዳይኒን ከተባለው ፕሮቲን ነው። በሕዋሳት ላይ የሚበቅሉት ሲሊያ የሚባሉ ረቂቅ ጸጉሮች እንደ ዘሩ ጭራ ሁሉ በውስጣቸው ዙሪያውን የተደረደሩ ዘጠኝ ጥንድ ቱቦዎች አሏቸው። ዳይኒን ኤቲፒ ከተባለው ንጥረ ነገር ጉልበት እየወሰደ አንዱን ጥንድ በሌላው ላይ ያንሸራትታል፤ ቱቦዎቹ እርስ በርስ የተያያዙ ስለሆኑ ጸጉሩ ይታጠፋል። በአየር ቧንቧችን ውስጥ በአንድ ሕዋስ ላይ 200 ያህል ሲሊያ በሴኮንድ ከአሥር ጊዜ በላይ እንደ ታንኳ ቀዛፊዎች እየቀዘፉ፣ አቧራና ጀርም የያዘውን አክታ ወደ ጉሮሮ ይገፋሉ። ዳይኒኑ ከጎደለ አክታው ባለበት ይቀራል፣ ጀርሙም ይራባበታል።

የልቡ ነገር የበለጠ ያስገርማል። በ1998 የጃፓን ተመራማሪዎች በአይጥ ፅንስ እንዳሳዩት፣ ገና በጅምሩ ሲሊያዎች እየተሽከረከሩ ፈሳሽ ወደ ግራ ያፈሳሉ፤ ፅንሱ ግራና ቀኙን የሚለየው በዚህ ፍሰት ነው። ፍሰቱ ከሌለ ልብ በየት በኩል እንደሚያርፍ ዕጣ ይወስነዋል። ከሕሙማኑ ግማሽ ያህሉ ብቻ የተገለበጡት ለዚህ ነው። መገልበጡ ብቻውን አይጎዳም፤ ትርፍ አንጀት በግራ በኩል ሲያም ግን ሐኪምን ያሳስታል።

በሽታው ከ50 በላይ ከሆኑ ጂኖች በአንዱ ጉድለት ሊመጣ ይችላል፤ ከዋነኞቹ አንዱ በ2002 የተለየው ዲኤንኤኤች5 ነው። አብዛኛውን ጊዜ እናትም አባትም ጤነኞች ሆነው ጉድለቱን ይሸከማሉ፤ ያኔ ልጃቸው የመታመም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው።

ቀኑን ጨርሶ ተወልዶ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ በጋ ከክረምት አፍንጫው የሚፈስ፣ ጆሮው የሚመግል፣ አክታ ያለው ሳል የማይለቀው ሕፃን ሊመረመር ይገባዋል። ብዙዎች ግን በአስም ወይም በአለርጂ ስም ሲታከሙ ዓመታት ያልፋሉ። ጉድለቱን የሚያስተካክል መድኃኒት እስካሁን በሕክምና ላይ አልዋለም፤ ሕክምናው አክታን በየቀኑ በፊዚዮቴራፒ ማውጣት፣ ኢንፌክሽን ሲነሳ ፈጥኖ አንቲባዮቲክ መስጠትና የመስማት ችሎታን መከታተል ነው። ዘራቸው የማይዋኝ ወንዶችም ዘሩ በመርፌ እንቁላሉ ውስጥ ተከቶላቸው ልጅ መውለድ ይችላሉ።