የምስክር ቃል በጅቡቲ፦ ከመጥሪያው እስከ ፊርማው

የምስክርነት ቃል የሚባለው አንድ ሰው ያየውን፣ የሰማውን ወይም የሚያውቀውን ሕግ ሥልጣን በሰጠው አካል ፊት ተናግሮ፣ ንግግሩ በጽሑፍ ሰፍሮ የሚፈረምበት ነው። አሠራሩ በየአገሩ ይለያያል። በአሜሪካ በፍትሐ ብሔር ክርክር የሁለቱ ወገን ጠበቆች ዳኛ በሌለበት ምስክሩን በመሐላ ይጠይቁታል፤ በፌዴራሉ ደንብ መሠረት ጥያቄው በመደበኛነት ከ1 ቀን፣ ከ7 ሰዓት አያልፍም። በኢትዮጵያ ፖሊስ በወንጀል ምርመራ ጊዜ ቃል ይቀበላል፤ ምስክሩ በዋና ጥያቄና በመስቀለኛ ጥያቄ የሚፈተነው ግን በችሎት ነው። ጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ1977 ነፃ ብትወጣም ፍርድ ቤቶቿ የፈረንሳይን ፈለግ ይከተላሉ፤ በዚህ ሥርዓት በከባድ ወንጀል ጉዳይ ምስክሩን የሚጠራውም የሚጠይቀውም መርማሪ ዳኛ ነው።

የፈረንሳዩ ሥርዓት እንደሚያዘው ምስክሮች የሚሰሙት ለየብቻ፣ ተጠርጣሪው በሌለበት ነው። በክፍሉ ውስጥ ዳኛው፣ ቃሉን የሚመዘግበው ጸሐፊና እንደ አስፈላጊነቱ አስተርጓሚ ይኖራሉ። ምስክሩ እውነቱን ሁሉ እንደሚናገር፣ ከእውነትም በቀር ሌላ እንደማይናገር ይምላል፤ ስሙን፣ ዕድሜውን፣ ሥራውን፣ መኖሪያውን፣ ከባለጉዳዮቹም ጋር ዝምድና እንዳለው ወይም እንደሌለው ይገልጻል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር ነው። ዳኛው የምስክሩን መልስ አሳጥሮና አስተካክሎ ለጸሐፊው ማስጻፉ የተለመደ ነው። «መሰለኝ» የተባለው «አየሁ» ተብሎ ቢሰፍር በኋላ ሰው ሊያሳስር ይችላል። ቃሉ ከመፈረሙ በፊት ምስክሩ እንዲያነበው ወይም እንዲነበብለት የተደነገገው ለዚህ ነው፤ በየገጹ ዳኛው፣ ጸሐፊውና ምስክሩ ይፈርማሉ፣ ያልጸደቀ ስርዝ ድልዝም ዋጋ የለውም።

በጅቡቲ ከተማ ይህ ንባብ ይበልጥ ይከብዳል። የመንግሥት ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ሲሆኑ ሕዝቡ በአብዛኛው የሚናገረው ሶማልኛና አፋርኛ ነው፤ ከኢትዮጵያ የሄዱ ብዙዎችም በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ነው ሐሳባቸውን የሚገልጹት። ፈረንሳይኛ ለገበያ ያህል የሚችል ሰው አስተርጓሚ መጠየቅ ሊያሳፍረው አይገባም። ያየውን ከሰማው ለይቶ መናገር፣ የማያውቀውን «አላውቅም»፣ የረሳውን «አላስታውስም» ማለት ምስክርነቱን ያጠነክረዋል እንጂ አያሳንሰውም። በግምት የተሞላ ቀንና ሰዓት ግን በሌላ ምስክር ቃል ሲፈርስ እውነቱንም ይዞት ይወድቃል።

መጥሪያ የደረሰው ተራ ሰው መቅረብ ግዴታው ነው፤ እምቢ ካለ በፖሊስ ሊያዝ ይችላል። ለውጭ አገር መሪ ሲሆን ግን መንገዱ ሌላ ነው። ይህን በሰፊው ያሳየው በጅቡቲ የፍትሕ ሚኒስትር አማካሪ የነበረው ፈረንሳዊው ዳኛ የቤርናር ቦሬል ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1995 አስከሬኑ ከጅቡቲ ከተማ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በከፊል ተቃጥሎ ተገኘ። ጉዳዩን ፓሪስ ላይ የያዘችው መርማሪ ዳኛ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2005 ፈረንሳይን ይጎበኙ ለነበሩት የጅቡቲ ፕሬዚዳንት ኢስማኢል ዑመር ጌሌ በኤምባሲያቸው በኩል መጥሪያ በፋክስ ላከች፤ ቀጠሮው በማግሥቱ ጠዋት ነበር። የፈረንሳይ ሕግ ራሱ የውጭ መንግሥት ወኪል ቃል በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል በጽሑፍ እንዲጠየቅ ያዛል።

ጅቡቲ ፈረንሳይን በሄግ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሰች። ሰኔ 4 ቀን 2008 (እ.ኤ.አ.) በተሰጠው ውሳኔ መጥሪያው አስገዳጅ ባለመሆኑ የፕሬዚዳንቱን ያለመከሰስ መብት አልጣሰም ተባለ፤ ይሁንና ፍርድ ቤቱ አጭሩ ቀጠሮና የፋክሱ አላላክ ለአገር መሪ የሚገባውን ክብር የነፈገ መሆኑን ገልጾ፣ ፈረንሳይ ይቅርታ ልትጠይቅ ይገባት እንደነበር አመለከተ። ፈረንሳይ የተረታችው በሌላ ነጥብ ነው፤ ጅቡቲ የምርመራ መዝገቡ እንዲላክላት ስትጠይቅ እምቢ ያለችበትን ምክንያት በደብዳቤ ባለማሳወቋ እ.ኤ.አ. በ1986 ሁለቱ አገሮች የተፈራረሙትን የትብብር ስምምነት ጥሳለች ተብሏል።

የተፈረመው ቃል የመዝገቡ አካል ሆኖ ይቀመጣል፤ ጠበቆችም ያነቡታል። ክርክሩ ችሎት ሲደርስ ምስክሩ እንደገና ተጠርቶ በቃል ሊጠየቅ ይችላል፤ አሁን የሚለውም ቀድሞ ከፈረመበት ጋር ይመሳከራል። ልዩነት ከተገኘ ምክንያቱን ማስረዳት የምስክሩ ፈንታ ነው። በፈረንሳይ የወንጀል ሕግ በሐሰት የመሰከረ ሰው ጉዳዩ ከመወሰኑ በፊት በራሱ ፈቃድ ቃሉን ካረመ ከቅጣት ይድናል።