ድር ቢያብር ባንክ ይዘርፋል

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለለቅሶ ወደ አዊ ዞን፣ ጥርባ ሄጄ ነበር። በማግስቱ አክስቴ ያጠራቀሙትን ጥቂት ብር ለማውጣት ወደ አንድ የገንዘብ ተቋም ሲሄዱ ተከተልኳቸው። «እማማ፣ ሲስተም የለም፤ ትንሽ ይጠብቁ» ተባሉ። ሥራ የፈታ ዓይን ብዙ ያያልና ስንጠብቅ ሦስት ነገሮች አስተዋልኩ። አንደኛ፣ የኃላፊው የይለፍ ቃል በቁራጭ ወረቀት ተጽፎ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ተለጥፏል። ሁለተኛ፣ የሠራተኛው ስልክ ቻርጅ ለማድረግ ከኮምፒዩተሩ ጋር ተሰክቷል። ሦስተኛውን ሠራተኛው ራሱ ነገረኝ፤ ኮምፒዩተሩ ከዋናው መሥሪያ ቤት ሰርቨር ጋር በቀጥታ የተገናኘ ነው።

እያንዳንዱን ለብቻው ካየነው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንኳ የሚያጽፍ አይመስልም። ሦስቱን ግን እንቀጥላቸው። በስልኩ በኩል የገባ ተንኮለኛ ፕሮግራም ኮምፒዩተሩን ይቆጣጠራል፤ የይለፍ ቃሉን ያየ ሰው በኃላፊው ስም ያዛል፤ ቀጥታ መስመሩ ደግሞ ከጥርባ ተነስቶ እስከ ዋናው የሒሳብ ቋት ያደርሰዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ይባላል። ቀዳዳም ሲያብር ባንክ ይዘርፋል።

ባለሙያዎች ይህን ቅጥልጥል «የጥቃት መንገድ» ይሉታል። በአብዛኛው የደህንነት ፍተሻ ሲደረግ የሚቀርበው ሪፖርት ግን የቀዳዳዎች ዝርዝር ነው፤ ይህ ሶፍትዌር አርጅቷል፣ ያ በር ክፍት ነው ይላል። የትኛው ቀዳዳ ከየትኛው ጋር ተገናኝቶ ወዴት እንደሚያደርስ አይናገርም። ሁለት መቶ ኮምፒዩተር ባለው መሥሪያ ቤት ይህን በእጅ እቆጥራለሁ ማለት ደግሞ ዘበት ነው።

ታዲያ ማን ይቁጠረው? መልሱ ከሒሳብ ሊቃውንት ዘንድ መጣ። «ሞዴል ቼኪንግ» የሚባለው ዘዴ በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የተወለደ ሲሆን፣ ክላርክ፣ ኤመርሰንና ሲፋኪስ ለዚሁ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2007 የኮምፒዩተር ሳይንስ ታላቁን ሽልማት፣ የቱሪንግን ሽልማት፣ አግኝተዋል። ዘዴው የአንድን ሥርዓት ንድፍና ስለ ሥርዓቱ የተነገረ አንድ አረፍተ ነገር ይቀበላል፤ ከዚያም ሥርዓቱ ሊደርስባቸው የሚችሉትን ሁኔታዎች በሙሉ እየፈተሸ አረፍተ ነገሩ እውነት ወይም ሐሰት መሆኑን ይፈርዳል። ሐሰት ከሆነ ደግሞ እንዴት ሐሰት እንደሚሆን ደረጃ በደረጃ ያሳያል።

እ.ኤ.አ. በ2000 ሪቺና አማን የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ ለኮምፒዩተር መረብ አዋሉት። ብልሃቱ ቀላል ነው። «ከውጭ የመጣ ሰው በምንም መንገድ የሒሳብ ቋቱ ላይ አይደርስም» ብለህ ለማሽኑ ትነግረዋለህ። ማሽኑ «ተሳስተሃል» ካለህ የሚያቀርብልህ ማስተባበያ ራሱ የጥቃቱ መንገድ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሼይነርና ዊንግ ከባልደረቦቻቸው ጋር አንድ እርምጃ ጨመሩ፤ አንዱን መንገድ ብቻ ሳይሆን ሁሉንም የሚያወጣና በአንድ ካርታ የሚያሳይ መሣሪያ ሠሩ።

እኔ የሕግ ሰው ነኝና ነገሩን ያስተዋልኩት በችሎት ቋንቋ ነው። ዳኛ ሕግና ፍሬ ነገር ይዞ ውሳኔ ላይ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው «ሙልቫል» የተባለ መሣሪያም እንዲሁ ይሠራል። ፍሬ ነገሩ «ይህ ኮምፒዩተር ከዚያኛው ጋር ይነጋገራል፤ በዚህኛው ላይ የታወቀ ቀዳዳ አለ» የሚል ነው። ሕጉ «ቀዳዳ ያለበትን ማሽን መድረስ የቻለ ሰው ማሽኑን ይቆጣጠራል» ይላል። የቀረው የማይደክም ዳኛ ሥራ ነው።

ከተራ ፍተሻ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። ለመስበር ሞክሮ ያልተሳካለት ባለሙያ ያረጋገጠው እሱ ራሱ አለማግኘቱን ብቻ ነው። «አላየሁም» ያለ ምስክር «አልተፈጸመም» አላለም። ማሽኑ ግን በተሰጠው ንድፍ ውስጥ መንገድ የለም ካለ በእርግጥ የለም።

ካርታው ሌላም ጥቅም አለው። ሁሉንም ቀዳዳ ለመድፈን ገንዘብ የሌለው ተቋም የትኛውን ቢደፍን መንገዶቹ ሁሉ እንደሚቋረጡ ያሳየዋል። በጥርባው ምሳሌ ቁራጭ ወረቀቷን መቅደድ አንዱን መንገድ ይዘጋ ይሆናል፤ ቀጥታ መስመሩን በአግባቡ መገደብ ግን ሁሉንም ሊዘጋ ይችላል።

እንከን የለውም ወይ? አለው እንጂ። አንደኛው ብዛት ነው። እውነት ወይም ሐሰት የሚባሉ 30 ነገሮች ብቻ ቢኖሩ ሊፈጠሩ የሚችሉት ሁኔታዎች ከአንድ ቢሊዮን ይበልጣሉ። ተመራማሪዎች ይህን ያቃለሉት አጥቂው አንዴ የያዘውን አይለቅም የሚል ግምት በመውሰድ ነው። ሁለተኛው እንከን ይብሳል። ማሽኑ የሚፈርደው በቀረበለት ፍሬ ነገር ላይ ነው። ማንም የማያውቀው ቀዳዳ፣ ያልተመዘገበ ኮምፒዩተር ወይም የተለጠፈ ወረቀት በንድፉ ውስጥ ከሌለ ፍርዱ በሐሰተኛ ማስረጃ ላይ የቆመ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ለእኛ ቅንጦት ነው የሚል አይጠፋም። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው ከሌለ ገንዘብ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ ያደሩበትን ሌሊት እናስታውስ። ባንኩ ምክንያቱ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን በሲስተሙ ላይ ከተደረገ ለውጥ የመጣ ችግር መሆኑን፣ የተወሰደውም ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደሆነ ገልጾ ነበር፤ አብዛኛውም በኋላ ተመልሷል። ሌባ ሳይገባ ይህ ከሆነ ሌባ ቢገባስ? «ማንም ካለው በላይ አያወጣም» የሚለው አረፍተ ነገር ለውጡ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት በሒሳባዊ ማስረጃ ሊፈተሽ የሚገባው ዓይነት ነው።

ሙከራው ከውጭም አልቀረም። በሰኔ 2012 ዓ.ም.፣ የህዳሴው ግድብ ውዝግብ በጋለበት ወቅት፣ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ (የዛሬው አስተዳደር) መነሻቸው ግብፅ የሆኑ ቡድኖች የቃጡትን ጥቃት ማክሸፉን አስታውቆ ነበር።

ሕጋችን በበኩሉ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ን ይዞ ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒዩተር የገባን ሰው ይቀጣል። ተገቢ ነው። ግን አዋጁ የሚደርሰው ጅብ ከሄደ በኋላ ነው። የበሩን ጥንካሬ ለማወቅ በበጎ ፈቃድ የሞከረ ወጣትም ከአዋጁ መረብ አያመልጥም። በንድፍ ላይ መፈተሽ ግን የማንንም በር አይነካም። የሚያስፈልገው ባለቤቱ ያለውን መሣሪያ፣ ግንኙነትና ሥልጣን በትክክል መዝግቦ ማቅረቡ ነው።

ስለዚህ ተቆጣጣሪ አካላት የገንዘብ ተቋማትን «ተፈትሻችኋል ወይ?» ብለው ብቻ መጠየቃቸው ይብቃ እላለሁ። «ከትንሿ ቅርንጫፍ እስከ ዋናው ቋት የሚያደርስ መንገድ አለመኖሩን አሳዩን» ይበሉ። ማስረጃውም ሲስተም በተለወጠ ቁጥር ይታደስ። ካርታው ግን በምስጢር ይያዝ፤ ከሌባ እጅ ከገባ መንገድ መሪ ይሆናልና።

አክስቴ በዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ብራቸውን አገኙ። እንደ እሳቸው ያለ ሰው ገንዘቡን በአደራ ሲያስቀምጥ ስለ መረብም ስለ ሞዴልም አይጠይቅም። የመጠየቅ ግዴታው የአደራ ተቀባዩና የተቆጣጣሪው ነው።