ጉበት ሳይወጋ ጠባሳው ሲለካ

ደም ሊለግስ ሄዶ «ሄፓታይተስ ቢ አለብህ» የተባለ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «እድናለሁ ወይ?» ብሎ ነው። ሐኪሙ ግን ከዚያ በፊት ማወቅ የሚፈልገው ነገር አለ፤ ጉበቱ ጠባሳ ይዟል ወይስ አልያዘም?

ጉበት ለዓመታት ሲቆጣ የተጎዳው ቦታ በጠባሳ ይሞላል። ለስላሳው አካል ቀስ በቀስ ይደድራል፤ መጨረሻው ሲሮሲስ ነው። ብዙ ጊዜ ሕመም ስለሌለው ሆድ ውኃ እስኪቋጥር ድረስ ላይታወቅ ይችላል። «መጠጥ አልጠጣም፣ ጉበቴ ደህና ነው» ማለት አያዋጣም። ቫይረሱ መጠጥ አይጠብቅም፤ የጉበት ስብም እንዲሁ። በሐረር የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ደግሞ ጫት የሚቅሙ ወንዶች ሥር ለሰደደ የጉበት በሽታ ይበልጥ እንደሚጋለጡ አሳይቷል።

ቀድሞ ጠባሳን የመለኪያው ዋና መንገድ በጎድን መካከል መርፌ አስገብቶ ናሙና መውሰድ ነበር። ናሙናው የጉበቱ 50,000ኛ እጅ ያህል ብቻ ነው፤ የመድማት አደጋም አለው።

እ.ኤ.አ. በ1995 የአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ ተመራማሪዎች ኤም አር ኢላስቶግራፊ የተባለውን ዘዴ ይፋ አደረጉ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሊጥን መታ ብታደርጉት ንዝረቱ ዝግ ብሎ ይጓዛል፤ የእንጨት ገበታን ብትመቱት ግን ፈጥኖ ይሮጣል። ታካሚው ኤም አር አይ መሣሪያ ውስጥ ተኝቶ በቀኝ ጎኑ ላይ የሚንቀጠቀጥ ክብ ሳህን መሰል ነገር ይታሰርለታል። በሰከንድ 60 ጊዜ ይነዝራል፤ አያምም። ታካሚው ለ15 ሰከንድ ያህል ትንፋሹን ሲይዝ መሣሪያው የንዝረቱን ጉዞ ይቀርጻል። የጤነኛ ጉበት ልክ 2 ኪሎፓስካል አካባቢ ሲሆን ከ5 በላይ ሲሮሲስን ያመለክታል። ጨረር የለውም፤ በወፍራም ሰውም ላይ በደንብ ይሠራል። ብረት ግን ወደ ክፍሉ አይገባም። እህቶች የሻሽና የሒጃብ እስፒላችሁን አስቀድማችሁ አውልቁ።

ኤም አር አይ አለ ማለት ግን ይህ ምርመራ አለ ማለት አይደለም፤ ነዛሪውና ሶፍትዌሩ ለብቻ የሚገዙ ናቸው። ከሰበታ፣ ከቡራዩ ወይም ከሱሉልታ ከመነሳታችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ። በአገራችን የተሻለ የሚታወቀው በድምፅ ሞገድ የሚሠራው ፋይብሮስካን ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 በጀመረው የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና ፕሮግራም ተጠቅሞበታል። ለቡራዩና ለሱሉልታ ሰው ይቀርባል፤ የሰበታው ከተማውን ማቋረጥ አለበት። ለፋይብሮስካን ቢያንስ 3 ሰዓት ሆድ ባዶ መሆን አለበት፤ ጾመኛ ይህ አይከብደውም። የስኳር ሕመምተኛ ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

ሁለቱም ባይገኙ ተራ የደም ምርመራ ይረዳል። ኤ ኤስ ቲ የተባለውን የጉበት ኢንዛይም ውጤት ለላቦራቶሪው ከፍተኛ ልክ አካፍሎ፣ በ100 አባዝቶ፣ በሺህ በተቆጠረ የፕላትሌት ቁጥር ማካፈል ነው። ኢንዛይሙ 80፣ ልኩ 40፣ ፕላትሌቱ 200 ሺህ ቢሆን ውጤቱ 1 ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ መሠረት ሄፓታይተስ ቢ ያለበት አዋቂ ከ0.5 ካለፈ መድኃኒት እንዲጀምር ይመከራል።

የፋይብሮስካንና የኤም አር ቁጥሮች አንድ ዓይነት ስላልሆኑ እርስ በርስ አታወዳድሯቸው። ወረቀቱን ጠብቃችሁ ያዙ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሐኪሙ ጠባሳው መጨመሩን ወይም መቀነሱን የሚያየው ከእሱ ነው። «ለወፍ በሽታ» ተብሎ የሚሰጥ ሥር ከጠጣችሁም አትደብቁት፤ አንዳንዱ ራሱ ጉበት ይጎዳል።