ስለ ዲቃላ ቲማቲም ዘር አዘገጃጀት

ቲማቲም በሚለማበት አገር ሁሉ፥ በመቂም ቢሆን በዝዋይ ሐይቅ ዳር፥ ገበሬ ወደ ሹም ይዞት የሚቀርበው አንድ አቤቱታ አለ፤ ይኸውም፦ በውድ ዋጋ የገዛሁት ዘር ዓምና መልካም ፍሬ ሰጠኝ፤ ካማረው ፍሬ ዘር አውጥቼ ዘንድሮ ብዘራው ግን አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ፥ አንዱ ቀድሞ አንዱ ዘግይቶ የሚበስል ሆነብኝ፤ ነጋዴው አታለለኝ፤ የሚል ነው። ነጋዴው ከመከሰሱ በፊት ግን የዘሩን ነገር መመርመር ይገባል።

ዲቃላ ዘር ማለት ጠባያቸው የጸና ሁለት የተለያዩ ወላጆች ተዳቅለው የሚሰጡት የመጀመሪያው ትውልድ ነው። ገበሬያችን ነገሩን ከበቅሎ ያውቀዋል፤ በቅሎ ከአህያና ከባዝራ ተወልዳ ብርቱ ናት፥ ነገር ግን መካን ናት። ዲቃላው ቲማቲም መካን አይደለም፤ ልጆቹ ግን የአያቶቻቸውን ጠባይ እየተከፋፈሉ ይወጣሉና አንድ ዓይነት አይሆኑም። ይህን ሥርዓት በአተር ፈትኖ የገለጠው መነኩሴው ግሬጎር ሜንዴል ሲሆን፥ ጽሑፉ የታተመው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1866 ነው።

ዋጋው ስለ ምን እንደ ከበደ ሥራውን ያየ ሰው አይጠይቅም። የቲማቲም አበባ ወንዴና ሴቴ በአንድነት ያሉበት፥ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ነው፤ ስለዚህ ከመፍካቱ አንድ ወይም ሁለት ቀን አስቀድሞ የወንዴው ክፍል በወረንጦ ይነቀላል። ሴቴውን ያቈሰለ ሠራተኛ ፍሬ አያገኝም፤ የዘገየውንም የአበባው የገዛ ብናኝ ይቀድመዋል። ቀጥሎ ከአባቱ ተክል ተሰብስቦ የደረቀ ብናኝ በሴቴው ጫፍ ይቀባል፤ አበባውን ከሚያቅፉት አረንጓዴ ቅጠሎችም ጥቂቱ ለምልክት ይቈረጣል፤ በለቀማ ጊዜ ምልክት የሌለው ፍሬ ከዘሩ አይደባለቅም። ይህ ሁሉ ለእያንዳንዱ አበባ በእጅ ይደረጋል። በሕንድ አገር በካርናታካ ግዛት፥ በራኔቤኑር ዙሪያ፥ ገበሬዎች ይህን ሥራ ለዘር ኩባንያዎች በውል ይሠራሉ።

ፍሬው ሲበስል ዘሩ ከነዝልግልጉ አንድ ሁለት ቀን ይብላላል፤ ታጥቦም ይደርቃል።

እንግዲህ ዘሩን ከገዛ ማሳው ለማስቀረት የሚሻ ገበሬ ዲቃላ ያልሆነውን፥ ለምሳሌ ከመልካሳ የምርምር ማዕከል የወጣውን መልካሾላ ቢዘራ ይሻለዋል። ዲቃላውን ለሚመርጥ ግን በየዓመቱ አዲስ ዘር መግዣ ገንዘብ እንዲለይ ሹሙ አስቀድሞ ይንገረው፤ በዕሽጉ ላይ ኤፍ 1 የሚል ጽሕፈት ቢገኝም ዲቃላ መሆኑን በጣቱ ያሳየው።