የጌጥ መብራት በየትኛው ታሪፍ ኮድ ይገባል? ከቦሎቄና ከቡና ዋጋስ ምን አገናኘው?

ዛሬ የዋጋ ዝርዝር አይደለም ይዤ የመጣሁት። ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝ ነገር አለ፦ "ከኤክስፖርት በቀረን ዶላር ለጊፋታ፣ ለመስቀልና ለገና የሚሸጥ የጌጥ መብራት ብናስገባ ቀረጡ ስንት ይመጣል?" አጭሩ መልስ "እንደ ኮዱ ነው" የሚል ነው። ረጅሙን ከታች አንብቡት።

መጀመሪያ ጉዳዩ ለምን የእኛ እንደሆነ ልናገር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ሁለት ነገር አብሮ መጣ። ላኪ ከሚያገኘው ምንዛሪ ለራሱ የሚያስቀረው ከ40 ወደ 50 በመቶ ከፍ አለ፤ ኤልሲ ተከልክለው የነበሩት 38 የዕቃ ዓይነቶችም ተፈቀዱ። ቡናና ቦሎቄን በኪሳራ ልኮ በሚያስገባው ዕቃ ማካካስ ደግሞ በአገራችን የቆየ አሠራር ነው፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። ስለዚህ እዚህ ተበላም ሆነ ሶዶ ላይ ነጋዴው ለአንድ ኩንታል የሚሰጠው ዋጋ አንዳንዴ የሚወሰነው ሞጆ ደረቅ ወደብ በቆመው ኮንቴይነር ነው። ኮንቴይነሩ ያልታሰበ ቀረጥ ሲመጣበት በሚቀጥለው ግዢ የሚቀነሰው የገበሬው ዋጋ ነው።

ሂሳቡን አብረን እንሥራ። ምጣኔዎቹን ለምሳሌ ያህል ነው የወሰድኳቸው። የዕቃው ሲአይኤፍ ዋጋ 1,000,000 ብር ይሁን፣ ኤክሳይዝ የለበትም እንበል።

👉 ቀረጡ 10 በመቶ ቢሆን፦ ቀረጥ 100,000፣ ቫት 15 በመቶ 165,000፣ ሱር ታክስ 10 በመቶ 126,500። ድምር 391,500 ብር።
👉 ቀረጡ 30 በመቶ ቢሆን፦ ቀረጥ 300,000፣ ቫት 195,000፣ ሱር ታክስ 149,500። ድምር 644,500 ብር።

ልዩነቱ 253,000 ብር ነው። የቀረጡ ልዩነት 20 ነጥብ ቢሆንም ቫቱና ሱር ታክሱ በላዩ ላይ ስለሚታሰቡ 25.3 ይሆናል። ቅድመ ግብሩና የሶሻል ዌልፌር ቀረጡ የሚታሰቡት ከሲአይኤፉ ላይ ስለሆነ በኮዱ አይለወጡም። ቫቱን ስትሸጡ ታወራርዱታላችሁ፤ ቀሪው 223,000 ብር ግን ንጹህ ወጪ ነው። ቦሎቄ ላይ በኩንታል 500 ብር የምታተርፉ ከሆነ የ446 ኩንታል ትርፍ ሄደ ማለት ነው። በአንድ ኮድ ምክንያት!

አሁን ወደ ኮዱ እንግባ። የኤችኤስ ኮድ የመጀመሪያ 6 አሃዞች የዓለም ጉምሩክ ድርጅት የሚያወጣቸው ናቸው፤ የእኛ ታሪፍ መጽሐፍ 8 ያደርሳቸዋል። ከታች የምጠቅሳቸው እ.ኤ.አ. የ2022ቱን ዓለም አቀፍ እትም የተከተሉ ናቸው። "የጌጥ ዕቃ" ወይም "አዲስ ነገር" የሚል አንቀጽ እንደሌለ አስቀድማችሁ እወቁ። ጉምሩክ የሚያየው ዕቃው ምን እንደሆነና ምን እንደሚሠራ ነው፤ ካርቶኑ ላይ ያለው ስም አይወስንም።

👉 በገመድ የተደረደሩ ጥቃቅን መብራቶች፦ 94.05 ውስጥ ናቸው። ለገና ዛፍ የሚሆኑት ለኤልኢዲ ብቻ የተሠሩ ከሆኑ 9405.31፣ ካልሆኑ 9405.39። "የበዓል ጌጥ ስለሆነ 95.05 አድርጌ አወጣላችኋለሁ" የሚል ትራንዚተር ካጋጠማችሁ የምዕራፍ 95ን ማስታወሻ አሳዩት፤ የመብራት ገመድን በግልጽ ከምዕራፉ ያስወጣል። የቻይና ፋኖስ የሚባለው ማስጌጫ ግን በተቃራኒው ከምዕራፍ 94 ወጥቶ ወደ 95.05 ይሄዳል።

👉 ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ የጨረቃ ወይም የእንስሳ ቅርጽ ያለው መብራት፦ 94.05። ለኤልኢዲ ብቻ ከተሠራ 9405.21።

👉 በእጅ ወይም በሰውነት ላይ ተይዞ የሚሠራ፣ በራሱ ባትሪ የሚበራ፦ 85.13። ቁልፍ መያዣ ወይም እስክሪብቶ ላይ የተገጠመም እዚህ የሚቆየው ዋና ሥራው ማብራት ከሆነ ብቻ ነው።

👉 ሶኬት ላይ የሚገባ የኤልኢዲ አምፖል፦ 8539.52።

👉 እየበራ የሚጫወቱበት የልጆች ዕቃ፦ 95.03። መብራት ስላለው ብቻ ከመጫወቻነት አይወጣም።

👉 ቀለም የሚቀያይር ስፒከር፦ ዋናው ነገር ድምፁ ነው፤ መነሻችሁ 85.18 ይሁን። ሬዲዮ ወይም የራሱ ማጫወቻ ካለው ኮዱ ሊለወጥ ይችላል።

👉 ሶላር፦ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ፓነሉ ብቻውን 8541.43 ነው። በሶላር የሚሠራ፣ ለኤልኢዲ ብቻ የተዘጋጀ የግቢ ጌጥ መብራት 9405.41 ሲሆን፣ በእጅ ተንጠልጥሎ የሚሄደው ፋኖስ ወደ 85.13 ያደላል። ለፓነል የተሰጠ መብት ካለ ለጌጥ መብራቱም ይሠራል ብላችሁ አትነሱ። "ሶላር ነው" ማለት ብቻ ከቀረጥ አያድንም።

ዕቃው ሁለት ቦታ የሚገባ ሲመስልስ? ደንቡ በቅደም ተከተል ነው የሚሄደው። መጀመሪያ የአንቀጹ ቃልና የክፍሉ ወይም የምዕራፉ ማስታወሻ ይታያል። ካልለየ ይበልጥ ዝርዝር የሆነው አንቀጽ ያሸንፋል። ያም ካልለየ ለዕቃው ዋና ባሕርይውን የሚሰጠው ክፍል ይታያል። እሱም ካልተገኘ በቁጥር መጨረሻ ላይ ያለው አንቀጽ ይወሰዳል። ብዙ ሰው ዝም ብሎ ዝቅተኛ ቀረጥ ያለውን ይመርጣል፤ እንዲህ የሚል ደንብ የለም።

ክርክሩ የእኛ አገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ጌርሰን የተባለ ኩባንያ በባትሪ የሚበሩ የኤልኢዲ ሻማዎች አስገብቶ "ሌላ ቦታ ያልተጠቀሰ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው፣ 85.43 ይሁንልኝ" ብሎ ተከራከረ። የፈለገው ኮድ ቀረጥ 2 በመቶ ነበር፤ ጉምሩክ ያስከፈለው በ94.05 ሥር 3.9 በመቶ። ነገሩ እስከ ይግባኝ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ2018 ኩባንያው ተሸነፈ። ሻማ ቢመስልም መብራት ነው ተባለ። ከ2 ነጥብ ላነሰ ልዩነት ይህን ያህል ዓመት ከተከራከሩ፣ የእኛ ልዩነት ሲሰፋ ምን ያህል መጠንቀቅ እንዳለብን አስቡት።

ምን እናድርግ? የእኔ ምክር ይህ ነው።

✅ ኤልሲ ከመክፈታችሁ በፊት ከሻጩ ካታሎግና ፎቶ ጠይቁ። የኃይል ምንጩ (ባትሪ፣ ሶላር፣ ሶኬት)፣ ኤልኢዲ መሆን አለመሆኑና አገልግሎቱ በጽሑፍ ይገለጽ።

✅ ኢንቮይሱ ላይ "የስጦታ ዕቃ" ወይም "ኤሌክትሮኒክስ" ተብሎ በጅምላ አይጻፍ። አምስት ዓይነት ዕቃ ካለ አምስት መስመር ይሁን፤ ብዛቱና ዋጋው ለየብቻ። በጅምላ የተጻፈ ሰነድ ፍተሻና የመጋዘን ኪራይ ይጠራል።

✅ የሚያከራክር ዕቃ ከሆነ ለጉምሩክ ኮሚሽን አስቀድማችሁ የታሪፍ ምደባ ጥያቄ በጽሑፍ አቅርቡ። "በስልክ ጠይቄ ነው" የሚለው በኋላ አያድናችሁም።

✅ ምጣኔውን ሁልጊዜ ከወቅቱ ታሪፍ መጽሐፍና ማሻሻያ ላይ እዩ። አምና ያስገባ ሰው የነገራችሁን አትመኑ።

✅ በተሰጣችሁ ኮድ ካልተስማማችሁ የምዕራፉን ማስታወሻ ጠቅሳችሁ ቅሬታ አቅርቡ። "ተበደልን" ብቻ በቂ ክርክር አይደለም።

ዝቅ ባለ ኮድ ሾልኮ መውጣት አለቀ ማለት እንዳልሆነም ልብ በሉ። የድኅረ ክሊራንስ ኦዲት አለ። ዕቃው ተሸጦ፣ ብሩ ለገበሬው ተከፍሎ፣ ትርፉ ለአባላት ተከፋፍሎ ካለቀ በኋላ ልዩነቱ ከነቅጣቱ ሲመጣ ዩኒየኑ ከየት ያመጣል? ነጋዴ የራሱን ኪስ ነው የሚጎዳው፤ ማኅበር ግን የአባላቱን።

ለዩኒየኖች የምለው ይህን ነው፦ ሂሳባችሁን ሊመጣ በሚችለው ከፍተኛ ምጣኔ ሥሩት። በሱም ካተረፈ አስገቡ። የሚያተርፈው በዝቅተኛው ኮድ ብቻ ከሆነ ግን ዶላሩን ለባንክ ሸጣችሁ ብሩን ለቦሎቄ መሰብሰቢያ ብታውሉት ይሻላል ባይ ነኝ። ለመስከረም የታሰበ ዕቃ ኮዱ ሲያከራክር ከርሞ በጥቅምት ቢወጣ ማን ይገዛዋል?

የዕቃችሁን ፎቶና መግለጫ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ የሚመስለኝን አንቀጽ ከነምክንያቱ እጽፍላችኋለሁ። የመጨረሻው ውሳኔ ግን የጉምሩክ ነው። የሚጠቅመው ለምትሉት ሰው ሼር አድርጉ። መልካም ገበያ!