ከቴፒ እስከ ራስ ደጀን፦ የተራራን ቁጥር ማንበብ

ሚዛን ተፈሪ ያላችሁ፣ ቴፒ ያላችሁ፣ በበበቃ ቡና እርሻ፣ በማሻና በቦንጋ ያላችሁ ሁሉ፣ ደብተርና እርሳሳችሁን ያዙ። የዛሬው ትምህርታችን ስለ ተራራ ነው።

«ተራራ ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል? ስንወጣው ስንወርደው አይደለም ወይ የኖርነው?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። ነገር ግን የተራራውን ቁጥር ሳያነብ የወጣ ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ዛሬ ያንን ቁጥር ማንበብ እንማራለን።

እስቲ በደብተራችሁ ላይ 1,100 ብላችሁ ጻፉ። ይህ የቴፒ ከተማ ከፍታ ነው፤ ገደማ ነው እንጂ ልክ አይደለም። ከሥሩ 1,450 ጻፉ፤ ይህ ደግሞ የሚዛን ተፈሪ፣ ዛሬ ሚዛን አማን የምንላት ከተማ ከፍታ ነው። ሁለቱም በሜትር ነው። ታዲያ ከምን ተነሥቶ ነው የሚለካው? ከባሕር ወለል ነው። የባሕር ውኃ የተኛበት ልክ ዜሮ ይባላል። ከዚያ በላይ ያለው አገር ሁሉ በሜትር ይቆጠራል። ከዚያ በታች የሆነም አገር አለን፤ የአፋር ዳሎል አካባቢ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው።

ቁጥሩ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ እንዳይመስላችሁ። ከቴፒ ተነሥታችሁ በጌጫ በኩል ወደ ማሻ የሄዳችሁ ታውቁታላችሁ። ስትነሡ ቡናው፣ ኮረሪማው፣ ቁንዶ በርበሬውና እርዱ አለ። መኪናው እያቃሰተ ሲወጣ ቡናው እየሳሳ፣ እንሰቱ እየበዛ ይሄዳል። ማሻ ስትደርሱ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ሆናችኋልና ቀርቀሃ ታያላችሁ፤ ጋቢም ያምራችኋል። ምክንያቱ ይህ ነው፤ 100 ሜትር በወጣን ቁጥር አየሩ ከግማሽ ዲግሪ ትንሽ በልጦ ይቀዘቅዛል። 1,000 ሜትር ብንወጣ 6 ዲግሪ ያህል ቀነሰ ማለት ነው። የጫካ ቡናችን ከ1,000 እስከ 2,000 ሜትር ባለው መሬት የሚስማማውም ለዚህ ነው።

እንግዲህ አሁን ከቤታችን ወጥተን የአገራችንን ራሶች እንይ። በዓለም ላይ የየክፍለ ሀገሩን ከፍተኛ ጫፍ እየዞሩ መውጣት ልማድ ያደረጉ ሰዎች አሉ። በአሜሪካ 50 ክፍላተ ሀገር አሉ። የአላስካው ዴናሊ 6,190 ሜትር የበረዶ ተራራ ነው። የፍሎሪዳው ከፍተኛ ቦታ ግን 105 ሜትር ነው፤ እኛ አገር ቢሆን ጉብታ እንኳ አንለውም! እነዚህ ሰዎች ሁለቱንም ይወጣሉ። ለጉብታው ጫማ ይበቃል፤ ለበረዶው ተራራ ግን ብዙ ዝግጅት ያስፈልጋል። ልዩነቱን የሚነግራቸው ቁጥሩ ነው።

በእኛም አገር እንዲሁ ነው። በአማራ ክልል፣ በሰሜን ተራሮች ራስ ደጀን አለ፤ ራስ ዳሸንም ይሉታል። 4,533 ሜትር ገደማ ሲሆን የኢትዮጵያ ከፍተኛው ጫፍ ነው። አሮጌ መጻሕፍት 4,620 ይላሉ፤ ተራራው አላጠረም፣ መለኪያው ነው የተሻሻለው። በኦሮሚያ ባሌ ውስጥ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። በደቡብ ትግራይ የጽበት ተራራ ወደ 4,000 ሜትር ይጠጋል። አዲስ አበባን ከላይ የሚጠብቃት እንጦጦ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ጎረቤታችን የጋምቤላ ከተማ ደግሞ በ500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ቆላ ናት።

ወደ ራስ ደጀን መሄድ የሚፈልግ ሰው መንገዱን ከደባርቅ ይጀምራል። በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይመዘገባል፤ መንገድ መሪና ጠመንጃ የያዘ ጥበቃ ይሰጡታል፤ ስንቁን በቅሎ ይጭንለታል። በሳንቃበር፣ በግጭና በጨነቅ እያደረ ይጓዛል። ጭላዳ ዝንጀሮ በመንጋ ሲግጥ ያያል፤ ዕድል ከቀናው ዋልያንም ያያል። ቀጥሎ በቧሂት በኩል አልፎ ወደ መሸሃ ወንዝ ይወርዳል። አዎን፣ ይወርዳል! የወጣውን ከ1,000 ሜትር በላይ መልሶ ይወርድና እንደገና ወደ አምቢቆ ይወጣል። ከአምቢቆ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ ጫፉ ላይ ይደርሳል። ደርሶ መልሱ ብዙ ቀን ይፈጃል። ክረምት ለዚህ አይሆንም፤ ጭቃውና በረዶው ያስቸግራል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ይሻላል። ከመነሣት በፊት ግን የመንገዱን ሰላም መጠየቅ ግዴታ ነው።

ቱሉ ዲምቱ ከዚህ ይለያል። ጫፉ ድረስ የመኪና መንገድ አለው። «እሰይ፣ ይሄማ ቀላል ነው!» አላችሁ? አይደለም፤ አደጋው እዚህ ላይ ነው። ለምን እንደሆነ እንይ።

እንበል፣ ሁለት የቴፒ ወጣቶች ቡናቸውን ለቅመው ሸጠው፣ አገር እንይ ብለው ወደ ባሌ ሄዱ። በደሎ መና በኩል ገቡ። ደሎ መና 1,300 ሜትር አካባቢ ነው። የሐረና ጫካ ሲቀበላቸው ከዛፍ ጥላ ሥር የጫካ ቡና አዩ፤ አገራቸው ያሉ መሰላቸው። መኪናው ግን መውጣቱን ቀጠለ። ቡናው ቀረ፤ ዛፉ አጠረ፤ አስታ መጣ፤ እሱም አለቀና የሰነቴ ሜዳ ላይ ወጡ። ጅብራ እንደ ሰው ቆሟል፤ ቀይ ቀበሮ አይጥ ያድናል። በግማሽ ቀን ውስጥ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ወጡ ማለት ነው። ደስ አላቸውና «እዚሁ ድንኳን ተክለን እንደር» አሉ።

ማታ አንደኛውን ራሱን አመመው። ምግብ አስጠላው፤ አስመለሰው። «ድካም ነው፣ ይለቀኛል» አለ። ሌሊቱን ሳል ያዘው። ሊነጋጋ ሲል ሊሽና ቢነሣ አረቄ እንደ ጠጣ ሰው ተንገዳገደ፤ ነገሩም ተምታታ። ጓደኛው ምን ያድርግ? ፀሐይ እስክትወጣ ይጠብቅ? ብርድ ልብስ ጨምሮ ያስተኛው?

አይደለም። ያውርደው! በዚያችው ሰዓት፣ ደግፎትም ሆነ በመኪና ወይም በፈረስ፣ ቢያንስ ከ500 እስከ 1,000 ሜትር ያውርደው። ከዚያም ወደ ሐኪም ያድርሰው። ይህ ሕመም የከፍታ ሕመም ይባላል። መንገዳገድ፣ መቀባዠርና ቁጭ ብሎም ትንፋሽ ማጠር ከመጣ፣ ውኃ በአንጎል ወይም በሳንባ እየሞላ ነውና በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል።

ምክንያቱ አየሩ መሳሳቱ ነው። በባሕር ዳርቻ አንድ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን 100 ቢሆን፣ በቴፒ 88 ያህል ያገኛል፤ በራስ ደጀን ጫፍ ግን 60 እንኳ አይሞላም። ሰውነት ይህን ይለምደዋል፤ ግን ቀናት ይፈልጋል። ሕመሙም ተንኮለኛ ነው፤ እንደ ደረሱ ወዲያው አይነሣም። ብዙ ጊዜ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ወይም በመጀመሪያው ሌሊት ይመጣል። ጉልበተኛ ወጣት ነኝ ማለትም አያድንም፤ እንዲያውም ጉልበተኛው ከቸኮለ ቀድሞ ሊታመም ይችላል።

ይህ እንግዳ ነገር አይሁንባችሁ። ደገኛው ቡና ለመልቀም ወደ እኛ ሲወርድ ወባ እንደሚጥለው ታውቃላችሁ። «አጎበር ያዝ፣ ካተኮሰህ ቶሎ ጤና ጣቢያ ሂድ» እያላችሁ የምትመክሩት እናንተው ናችሁ። እኛም ወደ ውርጭ አገር ስንወጣ እንደዚያው ምክር ያስፈልገናል። ምክሩም አጭር ነውና ጻፉት፦

1ኛ፦ ከ3,000 ሜትር በላይ ስትሆኑ የማደሪያችሁን ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አትጨምሩ። በ3 ወይም በ4 ቀን አንዴ ባላችሁበት ዕረፉ።

2ኛ፦ ራስ ምታትና ማስመለስ ከጀመረ ወደ ላይ አትቀጥሉ። ካልተሻለ ውረዱ።

3ኛ፦ ውኃ ጠጡ፤ አረቄና ጠላ ለመልሱ ይቆዩ።

4ኛ፦ ወፍራም ልብስና ባርኔጣ ያዙ። ከቴፒ ጋር ሲነጻጸር ቱሉ ዲምቱ ወደ 20 ዲግሪ ይቀዘቅዛል፤ የቀኑ ፀሐይ ደግሞ ቆዳ ይልጣል።

5ኛ፦ ብቻችሁን አትሂዱ፤ የታመመ ሰውም ብቻውን አይውረድ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ከሆነ ለምን እንወጣለን? አገርን ከራሱ ላይ ሆኖ ማየት መልካም ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 ፌሬና ጋሊኒዬ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን መኮንኖች ራስ ደጀን ላይ መውጣታቸው በመጽሐፍ ተጽፏል። የሰሜን እረኞች ግን ተራራውን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978፣ የባሌ ተራሮች ፓርክ ደግሞ በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ከሩቅ አገር ሰው ባሕር ተሻግሮ ሊያያቸው ይመጣል። የቴፒና የሚዛን ሰው ቢያያቸው ምን ይደንቃል? ሩቅ ለመሄድ አቅም የሌለውም ከማሻ ይጀምር፤ የመጀመሪያው ደረጃ እዚያ ነው።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። ተራራም የሚወጣው እንደዚያ ነው።

አሁን በየቡድናችሁ ሆናችሁ እነዚህን ሥሩ። ከ4,533 ላይ 1,100 ብትቀንሱ ስንት ይቀራል? ያ ቁጥር የቴፒ ሰው ራስ ደጀን ለመድረስ የሚወጣው ከፍታ ነው። ሁለተኛ፣ ማደሪያውን በቀን 500 ሜትር ብቻ የሚጨምር ሰው ከ3,000 ሜትር ተነሥቶ 4,000 ሜትር ላይ ለማደር ስንት ቀን ይፈጅበታል? ሦስተኛ፣ ጓደኛችሁ ሰነቴ ላይ እየተንገዳገደ «ደኅና ነኝ፣ ተዉኝ ልተኛ» ቢላችሁ ምን ትመልሱለታላችሁ? የመጨረሻውን መልስ ያልያዘ ሰው ወደ ተራራ አይውጣ።